«ጣልሽው እንዴ?»

«ጣልሽው እንዴ?» አለችኝ ጓደኛዬ በስልክ። ከዚያ ዝም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ። አልተቋረጠም።

የነገርኳት እንድትስቅ ነበር። ለታናሽ እህቴ ልደት ትረፍል የሚባለውን የቸኮሌት ኳስ ልሠራ ተነስቼ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ምድጃ ፊት ቆሜ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ሳህን ቸኮሌት ቆሻሻ መጣያ ውስጥ መገልበጤን። ከእሷ በፊት ለሦስት ሰው አውርቼዋለሁ። ሦስቱም ስቀዋል፣ በተለይ ባዶ ትሪ ታቅፌ ሶፋ ላይ ዘጭ ያልኩበት ቦታ ላይ። እሷ ግን ጭጭ።

ድሮ ኬክ ቤት ትሠራ ነበር። አሁን ሥራዋ ሌላ ነው፤ ስለ ቸኮሌት ሲነሳ ግን ድምጿ ይቀየራል።

«ምን ሆኖ ነው የጣልሽው?»

«ተበላሽቶ ነዋ።»

«አርሮ ነው ወይስ ጓጉሎ?»

«ምን ለውጥ አለው?»

«ያረረ ይጣላል። የጓጎለ አይጣልም። ውሃ ገብቶበት ነው እኮ። ብትጨምሪበት ይመለስልሽ ነበር።»

«ምን?»

«ውሃ።»

የምትቀልድ መሰለኝ። ውሃ ያበላሸውን ውሃ ይመልሰዋል? ሌላ ወሬ አነሳንና ስልኩን ዘጋሁ። «ጣልሽው እንዴ?» የምትለዋ ግን አብራኝ ቀረች። ዕቃ ሳጥብ ትመጣለች። ልተኛ ስል ትመጣለች። የቸኮሌቱ ነገር አይደለም የከነከነኝ። ደህና ነገር እንደተበላሸ ቆጥሬ፣ ያውም በሙሉ እምነት፣ መጣሌ ነው።

የዚያን ምሽት ጉድ

ትረፍል የመረጥኩት ኦቭኔ ተበላሽቶ ስለነበር ነው። የማይጋገር ጣፋጭ ሲባል ቀላል ይመስላል። እኔም «ቸኮሌት ማቅለጥ፣ ካራሜል መቀላቀል፣ ማድቦልቦል፣ ኮኮናት ላይ ማንከባለል፣ በቃ» ብዬ ነበር። አይጋገርም ማለት እሳት የለበትም ማለት አይደለም። ስኳር ካራሜል ሊሆን ሲል እኮ ከ160 ዲግሪ በላይ ይግላል። ብዙ ኬክ ከሚጋገርበት ሙቀት ብዙም አያንስም።

ስሙ የመጣው ከመሬት ሥር ከሚበቅለው ውድ እንጉዳይ ነው። የካካዎ ዱቄት የለበሰ ጠማማ ኳስ፣ አፈር ያልለቀቀ እንጉዳይ ይመስላል። ይህ ለእኔ ጥሩ ዜና ነበር። መጀመሪያም ጠማማ መሆን የተፈቀደለት ጣፋጭ ነው ማለት ነው።

መጀመሪያ የከዳኝ ስኳሩ ነው። ስኳርና ውሃ ጣድኩ። ሲፈላ እጄ አላርፍ አለ፤ አማሰልኩት። ደቂቃ ሳይቆይ ድስቱ ውስጥ ያለው ነገር ነጭ አሸዋ ሆነ። እሱም ቆሻሻ ውስጥ ገባ። እንደገና ጣድኩ። ሰዓቱ እየሄደ ስለነበር በጎን ቸኮሌቱን ጀመርኩ። በሚፈላ ውሃ ላይ ሳህን አስቀምጬ ቸኮሌቱን ከተትኩበት። ሁለቱን ባንዴ ማየት ስላልቻልኩ ሳህኑን ከደንኩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይሄ ነው።

ካራሜሉ በሁለተኛው ተሳካ። ደስ ብሎኝ ዞርኩና የሳህኑን ክዳን አነሳሁ። የክዳኑ ውስጥ በላብ ተጠምቋል። ዘንበል ሲል ጠብ፣ ጠብ አለ። ሦስት ወይም አራት ጠብታ ቢሆን ነው። አይቼዋለሁ። ምንም አይደለም ብዬ አለፍኩት።

ማማሰያውን አዞርኩ። አንድ ዙር፣ ምንም የለም። ሁለተኛው ላይ ቸኮሌቱ መጎተት ጀመረ። በሦስተኛው ያ መስታወት የሚመስል ወዙ ድርግም ብሎ ጠፋ። ከዚያ ማማሰያው ከበደ፤ ቸኮሌቱ ከሳህኑ ተላቆ ማማሰያው ላይ ተጠቀለለ። የረጠበ አፈር ነው የሚመስለው። ምን አደረግኩ? እሳት ጨመርኩ። የባሰ ደረቀ። «አሮጌ ቸኮሌት ሸጠውልኝ ነው» አልኩ። ጥፋቱን የምጭንበት አገኘሁና ቀለል አለኝ። ገለበጥኩት።

ሆን ብዬ ጠብ አደረግኩበት

ከስልኩ ወሬ በኋላ ሁለት ሳምንት ቆይቼ፣ አንድ የእረፍት ቀን ጠዋት፣ ማንም ልደት በሌለበት፣ ማንም በማይጠብቀኝ ሰዓት 100 ግራም ጥቁር ቸኮሌት አቀለጥኩ። ዛሬ ሳህኑን አልከደንኩም። የሳህኑ ቂጥ የሚፈላውን ውሃ እንዳይነካ አየሁ። ቸኮሌቱ ቀልጦ ሲያበራ ከእሳት አወረድኩትና በሻይ ማንኪያ ውሃ ቀዳሁ። ግማሽ ማንኪያ። ደህና ቸኮሌት ላይ እያወቁ ውሃ ማፍሰስ ሞኝነት ይመስላል። ቢሆንም አፈሰስኩት።

ያው ሆነ። መጎተት፣ ወዙ መጥፋት፣ መጠቅለል። የዚያን ምሽቱ አፈር ቁልጭ ብሎ ተመለሰ። አሮጌ ቸኮሌት አልነበረም ማለት ነው። ስሙን ያጠፋሁትን ባለሱቅ በልቤ ይቅርታ ጠየቅኩት።

ጓደኛዬ ነገሩን በስልክ ስታስረዳኝ ገብቶኝ ነበር፤ ዓይኔ ያመነው ግን አሁን ነው። የቀለጠ ቸኮሌት ፈሳሽ ይመስላል እንጂ ውስጡ ደረቅ ነው። ጥቃቅን የስኳርና የካካዎ ብናኞች በቀለጠ የካካዎ ቅቤ ውስጥ ይዋኛሉ። ውሃ የለበትም ማለት ይቻላል። አንዲት ጠብታ ስትገባ ስኳሩ ይሻማባታል። የረጠበው ብናኝ ሙጫ ይሆንና ጎረቤቱን ይይዛል፣ ያም ሌላውን ይይዛል። የረጠበ ማንኪያ ስኳር ዕቃ ውስጥ ከትታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ ስኳሩ ተያይዞ ጓል ይሆናል። ያንኑ ጓል ብርጭቆ ሙሉ ሻይ ውስጥ ጣሉት። የት ገባ? ሟሟ። ጓል ያደረገው ውሃው አነስተኛ መሆኑ ነው።

እንግዲህ መድኃኒቱ ፈሳሽ ነው፤ ዋናው ነገር መጠኑ ነው። የኬክ ሠሪዎቹ ልክ ለ60 ግራም ጥቁር ቸኮሌት ቢያንስ 1 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ነው። እኔ ትረፍል ስለምፈልግ በውሃ ፋንታ ክሬም አሞቅኩ። ክሬም ከግማሽ በላይ ውሃ ነው፣ ቀሪው በአብዛኛው ቅባት። እንዳይፈላ፣ ግን በደንብ እንዲሞቅ። 4 የሾርባ ማንኪያ ለካሁ።

የመጀመሪያውን ማንኪያ አፈሰስኩ። ባሰበት።

እውነቴን ነው፣ ባሰበት። ጓሉ ጠነከረና ተሰነጣጠቀ። በጎኑ ዘይት አንጠባጠበ፤ ሳህኑ ሥር ቢጫ ቅባት ኩሬ ሠራ። ማማሰያውን ስጫነው ጓሉ በቅባቱ ላይ ይንሸራተታል። ከዚህ በላይ የተበላሸ ነገር አይቼ አላውቅም። ሁለተኛው ማንኪያ እጄ ላይ ነው። እጄ ቆመ።

እዚህ ጋ ብዙ ቆየሁ። ክሬሙ ማንኪያው ላይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ። ያኔ በመጀመሪያው ምሽት ጓደኛዬ አጠገቤ ሆና «ፈሳሽ ጨምሪበት» ብትለኝ ኖሮ ምን አደርግ ነበር? አውቀዋለሁ። አንድ ማንኪያ አፈስና፣ ሲብስበት አይቼ «ይኸው፣ አላልኩሽም?» ብዬ እገለብጠው ነበር። ደግሞ የሞከርኩ ሰው ስለምሆን ልቤም አያዝንም። ግማሽ መንገድ ላይ ያለ ነገር ከጅምሩም የባሰ ይመስላል። ትንሽ ሞክሮ መተው ጭራሽ ካለመሞከር ይልቅ የሚያሳስተው ለዚህ ነው፤ በእጅህ ማስረጃ ያስጨብጥሃል። የውሸት ማስረጃ፣ ግን በዓይንህ ያየኸው።

ነገር መጣል ይቀናኛል፣ ልደብቃችሁ አልችልም። ሁለት አንቀጽ ጽፌ ያጠፋሁት ጽሑፍ ቢቆጠር ይሄን ብሎግ ሦስት ዓመት ያኖረዋል። ክንዱ ድረስ ደርሼ የተውኩት ሹራብ አለኝ። አለኝ ስል፣ ነበረኝ።

ሁለተኛውን ማንኪያ አፈሰስኩ። ያው ነው። ሦስተኛው ላይ ጓሉ ጫፍ ጫፉ ላይ ላላ። ማማሰያው የሄደበት ቦታ ጥቁር ጭረት ታየ፤ የሚያብለጨልጭ። ከመሃል ጀምሬ ቀስ እያልኩ በትንሽ በትንሹ አዞርኩ። አራተኛው ሲገባ ያ ቢጫ ኩሬ ተመልሶ ወደ ውስጥ ተሳበ። ወዴት እንደሄደ አላየሁም። ልስልስ ያለ፣ ከማማሰያው እንደ ሪባን እየተጣጠፈ የሚወርድ ነገር ሳህኑ ውስጥ ነበር። ቦታ ተለዋውጠዋል። መጀመሪያ ቅባቱ ባሕር ነበር፣ ብናኙ ዋናተኛ። አሁን ውሃው ባሕር ሆነ፤ ስኳሩን አሟሟው፣ ቅባቱን በጥቃቅን ጠብታ በታተነው።

ፈረንሳዮች ይሄን ድብልቅ ጋናሽ ይሉታል። ቃሉ በጥንቱ አነጋገራቸው ጅል እንደማለትም ነው። አንድ ተለማማጅ ትኩስ ክሬም ቸኮሌት ላይ ደፍቶ አለቃው «አንተ ጋናሽ!» ብሎ እንደሰደበው፣ ከዚያ ሲቀመስ ግን ግሩም ሆኖ እንደተገኘ የሚወራ ተረት አለ። ተረት ነው። የኔን ጋናሽ በጣቴ ስልስ ግን ልጁ ዘመዴ መሰለኝ።

ጓደኛዬ ዘንድ ደወልኩ። «ተመለሰ» አልኳት።

«ለሽፋን እንዳትጠቀሚበት» ብቻ አለች። «እንኳን ደስ አለሽ» ማለት አትወድም።

ልክ ናት። ፈሳሽ አንዴ ከገባበት ከላይ ቀጭ የሚል ቅርፊት አይወጣውም። የካካዎ ቅቤ በስድስት ዓይነት ክሪስታል ሊረጋ ይችላል፤ የሚያብረቀርቀውና ሲሰበር ቀጭ የሚለው አምስተኛው ነው። እሱን ለማግኘት ቸኮሌቱን እስከ 45 ዲግሪ አቅልጦ፣ ወደ 27 አውርዶ፣ እንደገና ወደ 31 መመለስ ያስፈልጋል። ቴርሞሜትር የለኝም፣ ትዕግስቱም እንደዚያው። የኔ ትረፍል ኮኮናት ይለብሳል፣ ነገሩ አለቀ።

ስኳሩም እኮ

ያን ዕለት ማታ ነው ድንገት ትዝ ያለኝ። ነጭ አሸዋ ሆኖ የጣልኩት ስኳር። እሱስ? መልእክት ላክሁላት። መልሷ አንድ መስመር ነበር፦ «ውሃ ጨምረሽበት መልሰሽ ጣጂው።» ሳቅኩ፤ ትንሽም ተናደድኩ። አንድ ምሽት፣ ሁለት ጥፋት፣ አንድ መድኃኒት። ያውም ከቧንቧ የሚወርድ።

ስኳሩ አሸዋ የሚሆነው ክሪስታሎቹ መልሰው ስለሚያያዙ ነው። ድስቱ ጠርዝ ላይ ተለጥፋ የቀረች አንዲት ፍሬ ተመልሳ ከገባች ሌሎቹን ትጠራለች። ማማሰል ደግሞ እሷን ፈልጎ እንደማምጣት ነው። ስለዚህ ስኳሩ እስኪሟሟ ብቻ ማማሰል፣ መፍላት ሲጀምር እጅን ማንሳት። ጠርዙ ላይ ፍሬ ከታየ በረጠበ ብሩሽ ጠረግ ማድረግ። ጥቂት የሎሚ ጠብታም ይረዳል። አሲዱ ከስኳሩ ከፊሉን ግሉኮስና ፍሩክቶስ ወደሚባሉ ትንንሽ ስኳሮች ይከፋፍለዋል፤ ቅይጥ ሲሆን ለመያያዝ አይመቸውም።

በማግስቱ፣ 100 ግራም ስኳር፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ፣ ጥቂት ሎሚ። እጄን ወደኋላ አጣምሬ ቆምኩ። ቀላል አይደለም። አረፋው መጀመሪያ ትንንሽ ነው፣ ይሯሯጣል። ውሃው ሲያልቅ ይተልቃል፣ ይሰንፋል። ከዚያ በአንድ ጥግ በኩል ቢጫ ይላል። እዚያ ላይ ድስቱን በእጀታው ይዞ ዞር ማድረግ እንጂ ማንኪያ ማስገባት የለም። ቢጫው ማር ይሆናል፣ ማሩ ይጠቁራል። ከማር ጠቆር ሲል፣ ሽታው አፍንጫ ላይ ቆንጠጥ ሳያደርግ፣ እሳቱን አጠፋሁ። ከዚህ በኋላ ያለው ጊዜ በሰከንድ ነው የሚቆጠረው። ያረረ ካራሜል መራራ ነው፤ ውሃም ክሬምም አይመልሰውም።

120 ሚሊ ሊትር የሞቀ ክሬም ቀስ ብዬ ጨመርኩ። ተንቦገቦገ፤ አረፋው ድስቱን ሊያልፍ ደረሰ። ትልቅ ድስት ያዙ፣ ፊታችሁን አርቁ። ያ እንፋሎት ከፈላ ውሃ የባሰ ነው የሚያቃጥለው። ክሬሙ ቀዝቃዛ ቢሆን ኖሮ ካራሜሉ ጠንክሮ ማንኪያው ላይ ይጣበቅ ነበር። 25 ግራም የገበታ ቅቤና ቆንጠር ያለ ጨው ተከተሉ። ሽታው ያኔ ይለወጣል። የስኳሩ ብቻ አይደለም፤ የክሬሙ ፕሮቲንና ስኳርም በግለቱ እየተዋሃዱ ቡናማ ይሆናሉ። ሉዊ ካሚይ ማያር የሚባል ፈረንሳዊ በ1912 የገለጸው ነገር ነው፤ የዳቦ ቅርፊትን ሽታ የሚሰጠውም እሱ ነው።

በዚህኛው ቸኮሌት በእንፋሎት አላቀለጥኩም። ጓደኛዬ «ለምን ትለፊያለሽ?» ብላኝ ነበር። 250 ግራም በቢላ ከተከትኩና ካራሜሉን አምስት ደቂቃ አሳርፌ ላዩ ላይ አፈሰስኩት። ሁለት ደቂቃ ሳልነካው ቆየሁ፣ ከዚያ ከመሃል ጀምሬ አዋሃድኩት። ክዳን የለም፣ ላብ የለም፣ ጠብታ የለም። የሙከራውን ጋናሽ ደግሞ ለብ አድርጌ ጨመርኩበት። ለየብቻ ላስቀምጣቸው አስቤ ነበር፤ ሳህን አነሰኝ።

ይሄኛውስ አርሯል

ኮኮናት ደረቁን፣ የተፈቀፈቀውን ነው የምጠቀመው። ሳይቆላም ይሆናል፣ ግን ወረቀት ወረቀት ይላል። ሲቆላ ሌላ ነገር ነው። በደረቅ መጥበሻ፣ በዝቅተኛ እሳት፣ አራት አምስት ደቂቃ። ከግማሹ በላይ ቅባት ስለሆነ ዘይት አይፈልግም። ችግሩ ሦስት ደቂቃ ምንም አይመስልም፤ ከዚያ ባንዴ ይለቀዋል። ስልኬ ጮኸ፣ ዓይኔን መለስ አደረግኩ፣ ስዞር ጠርዝ ጠርዙ ጠቁሯል። ቀመስኩት። መራራ።

መጥበሻውን ይዤ ቆሻሻው ጋ ሄድኩና ክዳኑን ከፍቼ ቆምኩ። ሳቄ መጣ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መጀመሪያ የምጥለው ነገር ነው፤ ዳኛ ፊት የቆምኩ ያህል አሰብኩበት። ጓጉሏል? አልጓጎለም። አርሯል? አዎ። ጣልኩት። በሙሉ ልብ።

ሁለተኛውን ዓይኔን ሳልነቅል ቆላሁትና ወዲያው ወደ ሳህን ገለበጥኩት፤ መጥበሻው ውስጥ ከቆየ እሳት ቢጠፋም መቁላቱን አያቆምም። 60 ግራሙን ከቸኮሌቱ ጋር አዋሃድኩ፣ የቀረውን ለማንከባለያ ትሪ ላይ ዘረጋሁ። ሳህኑ ፍሪጅ ገባ። ለሦስት ሰዓት ያህል።

እጄ ትኩስ ነው። ሰው ሲጨብጠኝ «አሞሻል እንዴ?» ይለኛል። የካካዎ ቅቤ 34 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ አፍ ውስጥ የሚጠፋው ለዚህ ነው። መዳፍ ውስጥም ይጠፋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ጣቴ መሃል ፈሰሱ። በረዶ ውሃ ውስጥ እጄን ነከርኩ፣ በፎጣ አደረቅኩ። ሁለት ጊዜ አደረቅኩ፤ ከጠብታ ጋር ገና አልታረቅንም። በሻይ ማንኪያ እየቆረስኩ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ አሽከርክሬ ኮኮናቱ ላይ ጣል። ጠማማ ናቸው። አንዷ የእንቁላል ቅርጽ ይዛለች፣ አንዷ ጥርስ ትመስላለች። 39 ወጡ። 40 ነበሩ፣ አንዷ ቆማ ተበልታለች።

ማታ እህቴና ጓደኛዬ መጡ። ልደቱ ካለፈ ከርሟል፣ ማንም አላነሳውም። ዕቃውን ከፍሪጅ አውጥቼ ሩብ ሰዓት ያህል አስቀምጬው ነበር፤ ቀዝቃዛ ትረፍል ዝም ያለ ነው፣ ለብ ሲል ነው የሚያወራው። እህቴ አንዷን ነክሳ ቆመች። ከውስጥ ካራሜሉ፣ ትንሽ ጨው፣ ከዚያ ኮኮናቱ ጥርስ ሥር ቅርጭጭ። ሁለተኛዋን አነሳች። ከንፈሯ ላይ ኮኮናት ቀርቷል።

ጓደኛዬ ሳጥኑን አጎንብሳ አየች። አንድ በአንድ እያየች ነው።

«ያ የጓጎለው የቱ ነው?»

«ሁሉም ጋ አለ» አልኳት። «እየበላሽው ነው።»